ከቅርጫቱ በፊት ሒሳቡ

ጥር ሲገባ ሚዛን አማን፣ ብዙ ሰው ዛሬም ሚዛን ተፈሪ የሚላት ከተማ፣ ዙሪያዋን ቡና ለብሳ ትከርማለች። ከበበቃ እስከ ቴፒ ባለው አገር እሸቱ ተለቅሞ እያለቀ ነው፤ ጀንፈሉ በየአልጋውና በየደጁ በተዘረጋ ሸራ ላይ ይገላበጣል። ከዚሁ ግቢ ሌላ ገበያም ይካሄዳል። በቴሌግራም ቻናል የተቆላ ቡና፣ የሸካ ማር፣ የቴፒ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ይከተላል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ብሩን ያስገባል፣ ያስገባበትን ስክሪንሾት ይልካል፤ ሻጩ ምስሉን አይቶ ካርቶኑን አውቶቡስ ላይ ያስጭናል። ዕቃው በቦንጋና በጅማ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መናኸሪያ ይደርሳል። ውል የለም፣ የድረ ገጽ ቅርጫት የለም፣ ደረሰኝም ብዙ ጊዜ የለም። ገበያው ግን አለ።

ይህ አሠራር የሚሰነጠቀው ሽያጩ ሲያድግ ነው። በቀን ሦስት ትዕዛዝ የሚቀበል ሰው የባንኩን መልእክት ከትዕዛዙ ጋር በዓይኑ ያዛምዳል፤ ሠላሳ ሲሆን የማን ብር ለማን ማር እንደገባ ይጠፋዋል። በስልክ የተቀነባበረ ሐሰተኛ ስክሪንሾት የሚያልፈውም በዚያ ግርግር መሀል ነው። ያኔ «ድረ ገጽ ይሠራልን» ይባላል፣ ዴቨሎፐር ይጠራል፣ የመጀመሪያው ጥያቄም ያው ነው፦ ሾፒፋይ ይሻላል ወይስ ዉኮሜርስ? ጥያቄው ከማይጀመርበት ጫፍ ተጀምሯል። ለደቡብ ምዕራብ ቡና ሻጭ የግዢ ቅርጫቱን መምረጥ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት። ቀድሞ መመለስ ያለበት ገንዘቡ በብር ነው ወይስ በዶላር፣ በየትኛው ሒሳብና በየትኛው ሕግ ሥር ያርፋል የሚለው ነው። ይህ ከታወቀ የቅርጫቱ ምርጫ ራሱ ይጠብባል። ካልታወቀ ግን ፎቶው ያማረ፣ መክፈያው የማይሠራ ሱቅ ይከፈታል፤ እንዲህ ዓይነት ሱቅ ደግሞ በአገራችን ጥቂት አይደለም።

ቅርጫት የሚባለው ሶፍትዌር ጌጡ ሲነሣለት ሥራው ጥቂት ነው፦ ዕቃውን ይዘረዝራል፣ የቀረውን ክምችት ይቆጥራል፣ ድምሩን ይደምራል፣ ለትዕዛዙ ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያ ገዢውን ለክፍያ ሥርዓቱ ያስረክባል። ይህን ሁሉም ያውቁበታል። ሾፒፋይ በወር ኪራይ የሚሠራ፣ ጥገናውን ኩባንያው ራሱ የሚሸከመው ሱቅ ነው፤ ነገር ግን ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፣ የራሱ የክፍያ አገልግሎትም ኢትዮጵያን አያካትትም። ዉኮሜርስ በዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ነፃ ፕለጊን ነው፤ ነፃነቱ ግን ሰርቨሩን፣ ማሻሻያውንና ጥበቃውን ለባለቤቱ ትከሻ ይተዋል። ሁለቱም የሚያስጨንቁት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አድራሻ። እነዚህ ሱቆች የተሠሩት የመንገድ ቁጥርና ዚፕ ኮድ ላለው አገር ነው። ቴፒ ያለ ገዢ ዚፕ ኮድ ሲጠየቅ ወይ አምስት ዜሮ ይሞላል ወይ ይተወዋል። ቤይማርድ የተባለው የዴንማርክ የምርምር ተቋም ያሰባሰባቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዓለም ላይ ከ10 ቅርጫት 7ቱ ገደማ ሳይከፈልባቸው ይተዋሉ፤ ዋናዎቹ ምክንያቶችም መጨረሻ ላይ ዱብ የሚል የማጓጓዣ ዋጋና ግዴታ አካውንት ክፈት መባል ናቸው። ስለዚህ የትኛውም ቅርጫት ቢመረጥ ፎርሙ ተገፍፎ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ከተማና «በምን መኪና ይላክልዎ» ብቻ መቅረት አለበት፤ የአውቶቡሱ ሒሳብም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በአገር ውስጥ በብር የመክፈሉ ነገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረበት ጋር አይነጻጸርም። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 መሠረቱን ጣለ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣቸው መመሪያዎች ደግሞ ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች በሩ ተከፈተ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው ኢትዮ ቴሌኮም ያስታውቃል። የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በመካከሉ ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይና መሰሎቻቸው ፈቃድ አግኝተው የክፍያ መተላለፊያ፣ በተለምዶ ጌትዌይ የሚባለውን፣ ሥራ ያዙ። ለሻጩ ያለው ምርጫ እንግዲህ ሁለት ነው፦ ወይ ከቴሌብርና ከእያንዳንዱ ባንክ ጋር በቀጥታ መዋዋል፣ ወይ ከአንድ ጌትዌይ ጋር ተዋውሎ ሁሉንም በአንድ በር ማስገባት።

ቀጥታው መንገድ በወረቀት ላይ ርካሽ ይመስላል፤ መሀል የሚገባ አካል የለበትም። በተግባር ግን እያንዳንዱ የክፍያ ተቋም የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ የፊርማ አሠራርና የራሱ የሙከራ ሂደት አለው፤ አንዱ አሠራሩን በቀየረ ቁጥር ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ሚዛን ውስጥ ያለ የቡና ማኅበር እንዲህ ያለ ሰው በቋሚነት ቀጥሮ አያኖርም። ጌትዌይ ከእያንዳንዱ ሽያጭ መቶኛ ይቆርጣል። እንበልና 3 ከመቶ ቢሆን፣ በ600 ብር ቡና ላይ 18 ብር ነው። ለዚህ 18 ብር የሚገዛው ነገር ዝግጁ ፕለጊን፣ አንድ የክፍያ ገጽና አንድ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሽያጩ ከፍ ብሎ ያ 3 ከመቶ በወር የአንድ ባለሙያ ደመወዝ ሲያህል ወደ ቀጥታው መዞር ይቻላል። ከዚያ በፊት መዞር ገንዘብ ለማዳን ሲባል ጊዜን መጣል ነው።

ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው ግን ጌትዌይ በመምረጥ አይደለም፤ በማገናኘቱ ላይ ነው። ሂደቱ ይህን ይመስላል። ገዢው «ክፈል» ሲል የሱቁ ሰርቨር ለጌትዌዩ መጠኑንና የማይደገም የግብይት ቁጥር ይልካል፤ ጌትዌዩ የክፍያ ገጽ አድራሻ ይመልሳል፤ ገዢው እዚያ ሄዶ በቴሌብር ወይም በባንኩ ከፍሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ያልተለማመደ ዴቨሎፐር ገዢው ወደ «እናመሰግናለን» ገጽ መመለሱን እንደ ክፍያ ይቆጥረዋል። ይህ ስክሪንሾቱ በሌላ መልክ መመለሱ ነው፤ የዚያን ገጽ አድራሻ በእጁ የሚጽፍ ማንም ሰው ማር በነፃ ይወስዳል። ክፍያ ተፈጸመ የሚባለው የሱቁ ሰርቨር ራሱ፣ በገዢው ስልክ በኩል ሳያልፍ፣ ጌትዌዩን «ይህ ቁጥር ተከፍሏል ወይ? ስንት? በምን ገንዘብ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከትዕዛዙ ድምር ጋር ሲያስተያይ ብቻ ነው። መጠኑን ማስተያየት የግድ ነው፤ የ1,200 ብር ትዕዛዝ ላይ 12 ብር ከፍሎም «ተሳክቷል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል።

የደቡብ ምዕራቡ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። መረብ በሚቆራረጥበት አካባቢ ገዢው የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ፣ ብሩ ከሒሳቡ ወጥቶ፣ ሱቁ ግን መልሱን ሳያገኝ ይቀራል። ጌትዌዮች ለዚህ ዌብሁክ የሚባል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚላክ ማሳወቂያ አላቸው፤ ነገር ግን የሱቁ ሰርቨር በዚያች ደቂቃ ካልተነሣ ማሳወቂያው ይዘገያል፣ ወይም በኋላ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ የደረሰው ማሳወቂያ ሁለት ካርቶን እንዳያስጭን አንዱ ትዕዛዝ አንዴ ብቻ «ተከፍሏል» እንዲሆን መደረግ አለበት፤ ያልደረሰውን ደግሞ ሰርቨሩ በየተወሰነ ደቂቃ ሄዶ መጠየቅ አለበት። የጫካ ቡና ጥቂት ከረጢት ብቻ ስለሚሆን ክምችቱ በትዕዛዝ ሰዓት ተይዞ ካልተከፈለ ተመልሶ መለቀቅ ይኖርበታል። ማታ ደግሞ የሱቁ መዝገብ፣ የጌትዌዩ መዝገብና ባንክ የገባው ብር ሦስቱም አንድ ድምር ማሳየት አለባቸው። ይህን የዕለት ማስታረቅ የሚያቃልል ሰው መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ፦ በአገሪቱ ትልቁ ባንክ በሥርዓት ማሻሻያ ወቅት በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ የወጣውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶታል፤ በኋላም አብዛኛውን ማስመለሱን አስታውቋል። ትልቅ ባንክ ላይ የደረሰ የማሻሻያ ስሕተት የማኅበር ሱቅ ላይ አይደርስም የሚል የለም። ባንኩ ግን ገንዘቡን የሚያስመልስበት የስም ዝርዝር ነበረው።

«ታዲያ ቴሌግራሙ ምን አለበት? ደንበኛ እዚያው አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ከቴሌግራም ደንበኛን አውጥቶ ወደማያውቀው ድረ ገጽ መጎተት ብዙ ሻጭን አክስሯል። መልሱ ግን ወይ ይህ ወይ ያ አይደለም። ጌትዌዮቹ ድረ ገጽ ሳይኖር የክፍያ ማገናኛ ማውጣት ያስችላሉ፤ ሻጩ ማገናኛውን በቴሌግራም ይልካል፣ ገዢው ይከፍላል፣ ማረጋገጫው ከገዢው ሳይሆን ከጌትዌዩ ይመጣል። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847# ይሠራሉ። በቀን ከሃያ ትዕዛዝ በታች ላለው ሻጭ ይህ ይበቃዋል፤ ቅርጫት አያስፈልገውም። ለዴቨሎፐሮች የማይጥም ምክር ነው።

እስካሁን ያልነው ለብር ነው። የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች ክልል ቡና ግን ከፍ ያለ ተስፋው ዶላር ላይ ነው፤ አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት 469 ሺህ ቶን ያህል ቡና ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች፤ ከዓመት በፊት ገቢው 1.43 ቢሊዮን ነበር። በዚህ መካከል ጌሻ የሚባለው የቡና ዝርያ የወጣቱን ልብ ይሰርቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ደቡብ ምዕራብ ጫካ የተወሰደ ዘር በታንዛኒያ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሃሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ በኢንተርኔት ጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር ሸጠው፤ ለዚያ ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የዚያው እርሻ 20 ኪሎ ጌሻ በኪሎ 30,204 ዶላር ተሸጠ። ዘሩ የተወሰደበት አገር ልጅ ይህን አንብቦ «እኛስ ለምን ካርድ የሚቀበል ሱቅ አንከፍትም?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ ክብረ ወሰኑን የሰበረው ቅርጫት አለመሆኑ ነው። የኢንተርኔት ጨረታ እንዴት እንደሚሄድ ልብ ብለን እንይ። አስቀድሞ ናሙና ለገዢዎች ይላካል፤ ቆልተው ይቀምሱታል፤ በጨረታው ቀን ስክሪን ላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ አዲስ ዋጋ በገባ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ሦስት ደቂቃ ይመለሳል፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይጨምር ሲያልፍ ይዘጋል። አስደናቂው ነገር እዚያ ስክሪን ላይ ማንም ካርድ አለማስገባቱ ነው። ጠቅ ማድረጉ ዋጋ መስጠት ነው፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ በውልና በባንክ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር እ.ኤ.አ. በ2020 ሲጀመር አንደኛ የወጣው የሲዳማ አርሶ አደር ቡና በፓውንድ 185 ዶላር፣ የቀጣዩ ዓመት አንደኛ ደግሞ 330 ዶላር የተሸጠው በዚሁ መንገድ ነው። በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን በጎሪ ጌሻ ጫካ አጠገብ የተቋቋመው ጌሻ ቪሌጅ እርሻም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የራሱን ጨረታ በኢንተርኔት ሲያካሂድ የገነባው ሱቅ ሳይሆን የናሙና፣ የቅምሻና የውል ሰንሰለት ነው። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በአሊባባ የቀጥታ ሥርጭት 1.5 ቶን ቡና በሰከንድ ውስጥ ሸጠች ሲባል የተሸጠው አስቀድሞ ቻይና የገባ ቡና ነው፤ ከኪጋሊ በፖስታ የሚላክ አይደለም። ኢትዮጵያ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከአሊባባ ጋር የፈረመችው ስምምነትም የሚሠራው አስመጪ መሀል ሲገባ ነው።

ምክንያቱ ሕግና ሎጂስቲክስ ነው። ጥሬ ቡና የሚልክ ፈቃድ ያለው ላኪ መሆን አለበት፤ ውሉ በባንክ ይመዘገባል፣ መንግሥት ባወጣው ዝቅተኛ የኮንትራት ዋጋ ይመዘናል፣ ጥራቱ ይመረመራል፣ ገንዘቡም በባንክ በኩል ይገባል። በቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051/2009 እና ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ማሻሻያዎች ቡናው በምርት ገበያ ወለል ብቻ ከማለፍ ግዴታ ወጥቶ ዱካው ሳይጠፋ ለውጭ ገዢ የሚደርስበት መንገድ ተከፍቷል፤ የወጪ ንግዱ ወረቀት ግን አልቀረም። ካርድ ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ገዢው «ያዘዝኩት አልደረሰኝም» ብሎ፣ እንደ ምክንያቱ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ከሚዛን እስከ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ እስከ ሃምቡርግ በሚጓዝ ከረጢት ላይ ይህን አደጋ የሚሸከም ላኪ የዋህ ነው። ሁለት ከረጢት የተቆላ ቡና ለአሜሪካ ቤተሰብ ልላክ የሚለውም ቢሆን ማሸጊያ ድርጅቱን ማስመዝገብና እያንዳንዱን ጭነት ከመድረሱ በፊት ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ የፖስታው ዋጋም ከቡናው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብልጡ ተቃውሞ ይመጣል፦ «አሜሪካ ኩባንያ ማቋቋም፣ ስትራይፕ መክፈት፣ ሾፒፋይ ማያያዝ፤ ሁሉም እንዲህ እያደረገ ነው።» የካርድ ክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ ለኢትዮጵያ ድርጅት አካውንት አይከፍትም፣ ፔይፓልም እዚህ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ባንክ ማውጣት አያስችልም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ከእጦት የመጣ ነው። ግን አንድ ክር መለየት አለበት። ዲያስፖራው በራሱ ኩባንያ በሕጋዊ ውል ቡና ገዝቶ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን መጋዘን አስገብቶ በስትራይፕ ቢቸረችር ሕጋዊ አስመጪ ነው፤ ምናልባትም ለጫካ ቡና ከሁሉ የተሻለው ደንበኛ እሱ ነው። ላኪው ራሱ በስውር ውጭ አገር ሱቅ ከፍቶ የኤክስፖርቱን ዶላር እዚያው ቢያስቀር ግን ሌላ ስም አለው፤ የውጭ ምንዛሪ ሕጉ የሚጠይቀው ገቢው እንዲገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተጀመረው ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ የማስቀረቱ ፈተና ቀልሏል፦ ምንዛሪው በገበያ ይወሰናል፣ ላኪው በእጁ የሚያቆየው ድርሻም ማሻሻያው ሲጀመር ከ40 ወደ 50 ከመቶ ከፍ ተደርጓል። መላክንና ውጭ አገር መቸርቸርን በአንድ ቅርጫት መቀላቀል የሚያመጣው ትርፍ ከሚያመጣው ጣጣ አይበልጥም። ሁለት ድርጅት፣ ሁለት ሒሳብ፣ በመካከላቸው አንድ ውል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ብዙ የማይወራለት። ሲያትል ያለ ልጅ ለአዲስ አበባ እናቱ የበዓል ቡናና ማር ሊገዛ ይፈልጋል። ገንዘቡ ከውጭ ካርድ ይመጣል፣ ዕቃው ግን ከአገር አይወጣም፤ የኤክስፖርት ወረቀት የለበትም፣ ጂቡቲ የለበትም፣ የአውቶቡሱ መንገድ ይበቃዋል። የውጭ ካርድ ለመቀበል የተፈቀደለት የአገር ውስጥ ጌትዌይ ካለ ይህ ሽያጭ ከመጀመሪያው የብር ሱቅ ጋር በአንድ ቅርጫት ሊሠራ ይችላል። በእኔ ግምት ከቴፒና ከሚዛን ለሚነሣ የኢንተርኔት ሱቅ ቶሎ ፍሬ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ማጭበርበርም ሲኖር ዕቃው አገር ውስጥ ስለሆነ ማስቆም ይቀላል።

ለጥሬው ቡና ድረ ገጽ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ገጹ ግን «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚል ቁልፍ ከሚኖረው «ናሙና ይላክልኝ» የሚል ቢኖረው ይሻላል፤ ከሥሩም የሎቱ ቁጥር፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፣ የቅምሻ ነጥቡ፣ የከረጢቱ ብዛት፣ ማሳዎቹ ያሉበት የካርታ ነጥብ ይቀመጥ። ይህ ጌጥ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ተፈጻሚነቱ እየተራዘመ ቢመጣም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ የቤንች ማጂና የካፋ የጫካ ቡና ዩኒየኖች ከሺህ ትናንሽ ማሳዎች ለሚሰበስቡት ቡና ይህን መረጃ መያዝ ከየትኛውም የክፍያ ቁልፍ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ ናሙናውን የቀመሰው ገዢ እዚያው ገጽ ላይ ዋጋ አቅርቦ ሊስማማ ይችላል፤ ክፍያው ወደ ባንኩ ይሂድ።

የቀረው ጥያቄ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። የጌትዌዩ ሚስጥራዊ ቁልፍ ማለት የማኅበሩ ማኅተምና የቼክ ደብተር በአንድ ላይ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በሠራው ዴቨሎፐር ላፕቶፕ ውስጥ፣ በእሱ ኢሜይል ተመዝግቦ ይቀራል። ማኅበራት ቼክ ሲፈርሙ ሁለት ፊርማ ይጠይቃሉ፤ ለድረ ገጹ አስተዳደር ግን አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው ያድላሉ። የነጋዴ አካውንቱ በድርጅቱ የንግድ ፈቃድና ስልክ ቁጥር ይከፈት፤ ገንዘቡ የሚያርፍበት ሒሳብ የሚቀየረው በቦርድ ቃለ ጉባኤ ይሁን፤ ዴቨሎፐሩ የሚያገኘው የሙከራውን ቁልፍ ብቻ ሆኖ እውነተኛውን ቁልፍ ሒሳብ ሹሙ ራሱ ያስገባ፤ ሰው በተቀየረ ቁጥርም ቁልፉ ተሽሮ አዲስ ይውጣ። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ተኩል የማይሞላ የውስጥ ደንብ ነው። ከቅርጫቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አያስወጣም፤ የሚጻፈው ግን ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ ገና የሚያጣሉ ብሮች ሳይገቡ ነው።